የድረ ገጽ ቀጠሮ፦ ጃቫስክሪፕት «ቆይተህ ሥራ» ሲባል ምን ይሰማል?

በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና፣ የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ሲል በይፋ የሰየመው ሰፈር ይገኛል። ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ተነሥቶ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ በሚደርሰው በዚህ አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና መደብሮች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በሁለት ዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ሆነው ነው። የበዓል ትዕዛዝ በስልክና በአካል ብቻ ይወሰድ በነበረበት ጊዜ ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው የባለቤቱ ጭንቅላት ነበር። ትዕዛዙ ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ግን የማስታረቁ ሸክም በኮድ ላይ ይወድቃል፤ ኮድ ደግሞ ጊዜን የሚረዳበት መንገድ ከሰው በእጅጉ የተለየ ነው።

ለማስረዳት ያህል በዚህ ጎዳና ላይ አንድ ምናባዊ ምግብ ቤት ይታሰብ። የቤቱ ባለቤት ለ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዶሮ ወጥና የእንጀራ ትዕዛዝ በድረ ገጽ ለመቀበል ወስነዋል። ማዘዣው የሚዘጋው በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025) በሎስ አንጀለስ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ የመስከረም 1 ቀን መባቻ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ፕሮግራመር ለአሳሹ የሰጠው መመሪያም ቀላል ነው፦ «እስከ መዝጊያው የቀረውን ጊዜ አስላ፤ ያ ጊዜ ሲያልፍ ማዘዣውን የሚዘጋውን ተግባር ጥራ።» በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ይህን ቀጠሮ የሚይዘው ሴትታይምአውት የተባለው ትእዛዝ ሲሆን የሚቀበለውም ሁለት ነገር ነው፤ የሚጠራውን ተግባርና መቆያውን በሚሊሰከንድ።

ወጣቱ በአንድ ደቂቃ ሞከረው፤ ሠራ። በአንድ ቀን ሞከረው፤ አሁንም ሠራ። ገጹ ነሐሴ 5 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ለመዝጊያው ልክ 30 ቀን ሲቀረው ተለቀቀ። የመጀመሪያው ደንበኛ ገጹን ሲከፍት ያነበበው ግን «ማዘዣው ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያንኑ አነበቡ። ስልክ ደውሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ተዘግቷል የተባለ ሰው ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል እንጂ አይከራከርም። ባለቤቷ የትዕዛዝ መጥፋቱን ከገበያ መቀዝቀዝ ቆጠሩት። ሳምንት ሲሞላ ጥርጣሬ ገብቷቸው ፕሮግራመሩን ሲጠሩ ደግሞ ገጹ ምንም እንከን የለበትም። ማዘዣው ክፍት ነው፤ ኮዱም አንዲት ፊደል አልተነካችም። ስህተቱ በራሱ ጊዜ ድኗል።

ምናባዊ የሆነው ቤቱ ብቻ ነው። የስህተቱ አሠራር በሁሉም ታዋቂ አሳሾች ላይ ዛሬም ያለ ነው፤ መንሥኤውም አስማት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

አሳሾች የቀጠሮን መቆያ የሚያስቀምጡት 32 ቢት ስፋት ባለው፣ አወንታዊም አሉታዊም ሊሆን በሚችል ሙሉ ቁጥር ውስጥ ነው። ይህ ዕቃ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ወደ ቀን ሲመነዘር 24 ቀን ከ20 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። 30 ቀን ግን 2,592,000,000 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከዕቃው አፍ ይተርፋል። የተረፈው ግን ውጭ አይፈስም። እንደ አሮጌ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ቁጥሩ ዞሮ ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል፤ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከዜሮ በታች ነው። አሳሹ ከዜሮ በታች የሆነ መቆያ ሲሰጠው የሚረዳው «አሁኑኑ ጥራ» ብሎ ነው። የስህተት መልእክት አይሰጥም፤ ገጹም አይቆምም።

እያንዳንዱ ደንበኛ ገጹን በከፈተ ቁጥር የቀረው ጊዜ እንደ አዲስ ይሰላል። በመሆኑም እስከ ነሐሴ 10 ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ድረስ ገጹን የከፈተ ሁሉ ዝግ ማዘዣ አገኘ፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ የቀረው ጊዜ ከገደቡ ስላነሰ ቁጥሩ ዕቃው ውስጥ ገባ፤ ገጹም «ዳነ»። ፕሮግራመሩ በአንድ ደቂቃና በአንድ ቀን ሲሞክር ያላየውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት የሚያስፈራው በመክፋቱ ሳይሆን መርማሪ ሲመጣ በመደበቁ ነው።

ቀጠሮው ከዚህም ቢረዝም ውጤቱ ይበልጥ ያስገርማል። ያው ገጽ በምግብ ቤቱ መስኮት ላይ በተሰቀለ ስክሪን ሐምሌ 5 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ማለትም 60 ቀን ሲቀረው ተከፍቶ ቢተው ኖሮ ወዲያው አይዘጋም ነበር። 60 ቀን 5,184,000,000 ሚሊሰከንድ ነው፤ ቆጣሪው ሙሉ ዙር ዞሮ 889,032,704 ላይ ይቆማል፤ ይህም 10 ቀን ከ7 ሰዓት ገደማ ነው። ስክሪኑ ሐምሌ 16 ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም፣ ማንም ሳያየው «ተዘግቷል» ይላል ማለት ነው።

የመፍትሔው ሐሳብ አጭር ነው፦ ረጅም ቀጠሮ አይያዝ። ገጹ የሚያስቀምጠው የመዝጊያውን ቅጽበት እንጂ የቀረውን ጊዜ መሆን የለበትም። በየደቂቃው ወይም በየሰዓቱ አጭር ቀጠሮ እየያዘ፣ በነቃ ቁጥር የኮምፒውተሩን ሰዓት ጠይቆ «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ብሎ ያመሳክራል፤ ካልደረሰ ሌላ አጭር ቀጠሮ ይይዛል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ትዕዛዝ መዝጋት ከመነሻውም የአሳሹ ሥራ መሆን አልነበረበትም። የደንበኛው ስልክ ሰዓት ሊዛባ ይችላል፤ ደንበኛው ራሱም ሊቀይረው ይችላል። መቀበልና አለመቀበሉን መወሰን ያለበት ሰርቨሩ ነው፤ አሳሹ የሚያሳየው የሰርቨሩን ውሳኔ ብቻ ነው። ይህን ድንበር ያላሰመረ ንድፍ ኮዱ ምንም ያህል ቢያምር አንድ ቀን ባለቤቱን ያስከፍላል።

አንድ ምጣድ፣ ብዙ ሊጥ

ጃቫስክሪፕት የተወለደው በዚያው በካሊፎርኒያ ግዛት ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ መሐንዲስ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1995 የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀናት ውስጥ እንደሠራው በኮምፒውተር ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ቋንቋው ያኔ የታሰበው ለትንንሽ የገጽ ሥራዎች ነበር። ከእነዚያ ቀናት ወርሶ እስከ ዛሬ የያዘው አንድ ጠባይ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ይህን ከእንጀራ ጋገራ በተሻለ የሚገልጸው ነገር የለም። ምጣዱ አንድ ነው። ሊጥ ምንም ያህል ቢደረደር አንዱ እንጀራ ሳይነሣ ሌላው አይሰፋም። ሴትታይምአውት «ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ» ሲባል ልክ በዚያች ቅጽበት ተግባሩን አያስኬድም፤ ጊዜው ሲሞላ ተግባሩን ወረፋ ላይ ያቆመዋል እንጂ። ምጣዱ ላይ ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ ስሌት ካለ፣ ያ 100 ሚሊሰከንድ የተባለው ቀጠሮ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ በትእዛዙ ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር የሚለው «በዚህ ሰዓት» ሳይሆን «ከዚህ ሰዓት በፊት አይሁን» ነው። ጀማሪ ፕሮግራመሮች መቆያውን ዜሮ አድርገው ሲጽፉ «ወዲያው» ማለታቸው ይመስላቸዋል፤ ትክክለኛ ትርጉሙ ግን «በእጅ ያለው ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ወረፋህን ጠብቀህ» የሚል ነው። በዚያ ላይ ቀጠሮ ቀጠሮን እየወለደ ከአምስት ደረጃ በላይ ከቀጠለ፣ የድረ ገጽ ደንቡ መቆያው ከ4 ሚሊሰከንድ እንዳያንስ ያስገድዳል።

አሳሾች በዚህ ላይ የራሳቸውን ቁጥብነት ጨምረዋል። ተመልካች የማያየው ገጽ ባትሪ እንዳይጨርስ በማሰብ፣ በጀርባ የተደበቀ ገጽ ቀጠሮዎች በአብዛኛው በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይነቁ ይደረጋሉ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2021 የወጣው ክሮም 88 ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ ተደብቀው ድምፅ የማያሰሙ ገጾች፣ የሚደጋገሙ ቀጠሮዎቻቸው በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነቁ ወስኗል።

የዚህ ውጤት በበዓል ዋዜማ ቆጣሪ ላይ በግልጽ ይታያል። «የቀረው ጊዜ» የሚለው ቆጣሪ በነቃ ቁጥር አንድ ሰከንድ እየቀነሰ የሚሄድ ሆኖ ተጽፏል እንበል። ደንበኛዋ ማዘዣው ሊዘጋ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲቀረው ገጹን ከፍታ፣ ወደ ሌላ ገጽ ተሻግራ ለአንድ ሰዓት ያህል የቴሌቪዥን ዝግጅት ትመለከታለች። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ቆጣሪው 300 ጊዜ ይነቃል፤ በቀሪዎቹ 55 ደቂቃዎች ግን 55 ጊዜ ብቻ። ስትመለስ ቆጣሪው የቀነሰው 355 ሰከንድ፣ ማለትም ስድስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። ገጹ «ከአንድ ሰዓት በላይ አለሽ» ይላታል፤ በእውነቱ የቀራት አሥር ደቂቃ ነው። ስልክ ሲቆለፍ ደግሞ ቀጠሮዎቹ ጨርሶ ሊቆሙ ይችላሉ። ፕሮግራመሩ መቁጠሩን ትቶ በነቃ ቁጥር ሰዓቱን ቢጠይቅ ኖሮ ገጹ እንቅልፍ ቢወስደውም እንኳ በነቃባት ቅጽበት እውነቱን ይናገር ነበር።

ማዕቀፉ ሳያውቅ የተያዘ ቀጠሮ

ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ጃቫስክሪፕትን በባዶው መጠቀም ትተዋል ማለት ይቻላል። ፍሬምወርክ በሚባሉ ማዕቀፎች ላይ ይገነባሉ። ማዕቀፍ ዋና ሥራው መረጃና ገጽታ እንዳይለያዩ መጠበቅ ነው፤ በማኅደር ያለው የእንጀራ ቁጥር ከ10 ወደ 20 ሲለወጥ በስክሪኑ ላይ ያለውም ይለወጣል። ጥያቄው ማዕቀፉ ለውጡን እንዴት ያውቃል የሚለው ነው። የዘገየ ጥሪ ችግር የሚፈጥረውም እዚህ ላይ ነው።

ከጉግል የወጣውና 1.0 የተባለው ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው አንጉላር ጄኤስ ለውጥን የሚያውቀው በራሱ በር የገባውን ሥራ ተከትሎ ዞር ብሎ በመፈተሽ ነበር። ደንበኛው ቁልፍ ሲጫን ይፈትሻል፤ ከሰርቨር መልስ ሲመጣ ይፈትሻል። ፕሮግራመሩ ግን የአሳሹን ሴትታይምአውት በቀጥታ ከተጠቀመ ቀጠሮው በጓሮ በር ይገባል። ተግባሩ ይጠራል፣ ማኅደሩም ይለወጣል፤ ስክሪኑ ግን ባለበት ይቀራል፤ ደንበኛው ሌላ ቁልፍ በድንገት ሲነካ ብቻ የቆየው ለውጥ ብቅ ይላል። በዚያ ዘመን በዚህ ግራ ያልተጋባ የአንጉላር ጄኤስ ጀማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ማዕቀፉ ለዚህ ሲል የራሱን ቀጠሮ አስያዥ አቅርቦ ነበር፤ $ታይምአውት ይባላል። በውስጡ ያንኑ የአሳሹን ቀጠሮ ይይዛል፤ ጥሪው ሲያበቃ ግን ማዕቀፉን «ተነሥና ፈትሽ» ይለዋል። በተጨማሪም ቀጠሮውን ለመሰረዝ የሚያገለግል መያዣ ይመልሳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ተተኪው አንጉላር ሌላ መንገድ መረጠ። ዞን ጄኤስ በተባለ ቤተ መጻሕፍት አማካይነት የአሳሹን ሴትታይምአውት ራሱን ሸፈነው፤ ፕሮግራመሩ በየትኛውም በር ቢገባ ማዕቀፉ ይሰማል። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ ዋጋውም አለው፤ ለማንኛዋም ጥቃቅን ቀጠሮ ገጹ ሁሉ ይፈተሻል። በቅርብ ዓመታት የወጡት ቅጂዎች ያለ ዞን መሥራትን የፈቀዱትም በዚህ ምክንያት ነው። የአንጉላር ጄኤስ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አብቅቷል፤ ሆኖም ድጋፍ አበቃ ማለት ገጾቹ ጠፉ ማለት አይደለም። በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ዘንድ አሮጌው ገጽ እንደ አሮጌ ፍሪጅ እስኪበላሽ ድረስ ይሠራል።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ሪአክት ለውጥን እንዲያውቅ ፕሮግራመሩ ራሱ ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ የጓሮ በሩ ችግር የለበትም። በምትኩ የሚያጋጥመው የትዝታ ችግር ነው። በሪአክት አንድ ገጽታ በተሳለ ቁጥር በዚያች ቅጽበት የነበሩት ዋጋዎች እንደ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ የተያዘ ቀጠሮም የሚያስታውሰው ያንን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ለምሳሌ ገጹ «ላክ» ከተባለ በኋላ ደንበኛው ሐሳቡን እንዲቀይር ሦስት ሰከንድ ይሰጣል እንበል። ደንበኛው 10 እንጀራ ብሎ «ላክ» ይጫናል፤ በሁለተኛው ሰከንድ ላይ «ቤተ ዘመድ ይመጣል» ብሎ ቁጥሩን 20 ያደርጋል፤ ስክሪኑም 20 ያሳየዋል። ቀጠሮው ሲደርስ ግን የሚላከው 10 ነው። ደንበኛው የሚያውቀው በበዓሉ ማለዳ ግማሽ እንጀራ ሲረከብ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ቁጥሩ ሲቀየር አሮጌውን ቀጠሮ ሰርዞ አዲስ መያዝ፣ ወይም ቀጠሮው ዋጋውን ከፎቶግራፉ ሳይሆን የወቅቱ ዋጋ ከሚቀመጥበት ቦታ እንዲያነብ ማድረግ።

መሰረዝ የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ሴትታይምአውት ሲጠራ አንድ መለያ ቁጥር ይመልሳል፤ ያንን ቁጥር ለክሊርታይምአውት መስጠት ቀጠሮውን ያፈርሳል። ደንበኛው ከማዘዣው ገጽታ ወጥቶ የቡና ዝርዝር ወዳለበት ሲሻገር ማዕቀፉ የማዘዣውን ገጽታ ያነሣዋል፤ ቀጠሮውን ግን አያነሣም። ቀጠሮው የአሳሹ ነውና ቤቱ ከፈረሰ በኋላም በሰዓቱ መጥቶ በር ያንኳኳል። ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዩዝ ኢፌክት በተባለው መንገድ ፕሮግራመሩ ቀጠሮ የሚይዘውን ኮድና ቀጠሮውን የሚያፈርሰውን ኮድ በአንድ ቦታ አጣምሮ እንዲጽፍ አድርጓል፤ ገጽታው ሲነሣ የማፍረሻው ኮድ ይጠራል። ማፍረሻውን የረሳ ሰው እንዲጋለጥም በ2022 የወጣው ሪአክት 18 ጥብቅ በተባለው ሁኔታው፣ በግንባታ ወቅት ብቻ፣ ገጽታውን ሆን ብሎ አንሥቶ መልሶ ይተክለዋል፤ ያልተሰረዘ ቀጠሮ ካለ ሁለት ሆኖ ይታያል። ብዙዎች «ሪአክት ሁለት ጊዜ ጠራብኝ» ብለው ይማረሩበታል፤ የሚማረሩት ግን ብዙ ጊዜ በመስታወቱ ላይ ነው።

ዶሮ ሲፈለግ «የለም» የሚል ገጽ

የዘገየ ጥሪ ጉዳቱ ብቻ ሲነገር ሰነበተ፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ያስፈልጋል። የምግብ ቤቱ ድረ ገጽ የምግብ ዝርዝር መፈለጊያ አለው። ደንበኛው ፊደል በነካ ቁጥር ገጹ ወዲያው ፈልጎ ውጤት ያሳያል። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው «ዶሮ» ለማለት አራት ፊደል ሲነካ እያንዳንዱ ፊደል ከፊተኛው ላይ ይጨመራል እንጂ የፊተኛውን አይለውጥም፤ ፍለጋውም በየእርምጃው እየጠበበ ይሄዳል።

በድምፅ ላይ በተመሠረተው የአማርኛ አጻጻፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቁልፍ «ድ»ን ያወጣል፤ ሁለተኛው «ድ»ን አጥፍቶ በቦታው «ዶ»ን ይተካል፤ በሦስተኛው ጽሑፉ «ዶር» ይሆናል፤ በአራተኛው «ር» ጠፍቶ «ሮ» ይገባል። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ቅጂ ሲመዘገቡ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ስለተሰጠው፣ ለኮምፒውተሩ «ድ» እና «ዶ» ዘመዳሞች አይደሉም። ስለዚህ በየቁልፉ የሚፈልገው ገጽ መጀመሪያ ድንች ያሳያል፤ ቀጥሎ ዶሮ ወጥ፤ ቀጥሎ «ዶር የሚባል ምግብ የለም» ይላል፤ በመጨረሻ ዶሮ ወጥን ይመልሳል። ቸኩሎ ያየ ደንበኛ «የለም» የሚለውን አንብቦ ሊሄድ ይችላል።

ለዚህ የሚያገለግለው ዘዴ ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተወረሰ ነው። የመብራት ማብሪያ ሲጫኑት ብረቱ ብረቱን ነክቶ ወዲያው አይረጋም፤ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይነጥራል፤ መሣሪያውም አንዱን መጫን እንደ ብዙ ይቆጥረዋል። መሐንዲሶች መንጠሩ እስኪያበቃ የሚጠብቅ ወረዳ ይሠሩለታል። በድረ ገጽ ላይ ያው ሐሳብ በሁለት ትእዛዞች ይሠራል፦ ቁልፍ በተነካ ቁጥር የቀደመውን ቀጠሮ ሰርዝ፣ ከ300 ሚሊሰከንድ በኋላ ለመፈለግ አዲስ ቀጠሮ ያዝ። ጸሐፊው እጁን እስኪያሳርፍ ፍለጋው አይነሣም። 300 ሚሊሰከንድ በእንግሊዝኛ ገጾች የተለመደ መጠን ነው፤ ለአንድ ሆሄ ሁለት ጊዜ ለሚነካው የአማርኛ ጸሐፊ፣ ይልቁንም በስልክ ላይ፣ ያጥራል፤ ወደ ግማሽ ሰከንድ ማስጠጋቱ ተገቢ ነው። አንዳንድ የመጻፊያ ዘዴዎች ሆሄው ገና በመሠራት ላይ መሆኑን በአሳሹ በኩል ለገጹ ያሳውቃሉ፤ ገጹ ይህን ምልክት ሲያገኝ ሰዓት መገመት አያስፈልገውም፤ ምልክቱ እስኪያበቃ መጠበቅ ብቻ ነው። ሁሉም መጻፊያ ግን ይህን ስለማያደርግ ቀጠሮውን መተው አይቻልም።

ቀጠሮው የማይፈታው አንድ ነገር ይቀራል። ሁለት ፍለጋዎች ወደ ሰርቨር ከሄዱ ቀድሞ የተላከው ዘግይቶ ሊመለስና አዲሱን ውጤት ሊሸፍን ይችላል። ለየፍለጋው ተራ ቁጥር ሰጥቶ ከመጨረሻው ቁጥር ያነሰ መልስ ሲመጣ መጣል ይበቃል።

ስንት ሰዓት ነው፣ በማን ሰዓት?

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትለውጥም። ሎስ አንጀለስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ታደርጋለች። በዚህም የተነሣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በገና 11 ሰዓት፣ በእንቁጣጣሽ 10 ሰዓት ነው። ፋሲካ በጋራ ውሉ ውስጥ ክፉኛ የምትወድቅ በዓል ናት። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2026 ላይ ይውላል፤ የሰዓት ለውጡ ደግሞ ማርች 8 ላይ ነው። በፌብሩዋሪ ወር ተቀምጦ «ልዩነቱ 11 ሰዓት ነው» ብሎ በኮዱ ውስጥ የጻፈ ፕሮግራመር የፋሲካውን ማዘዣ ከታሰበው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋዋል፤ በጾሙ ማብቂያ፣ ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ሰዓት።

የሰዓት ልዩነት በእጅ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም። አሳሾች የአዲስ አበባንና የሎስ አንጀለስን የሰዓት ደንብ በስማቸው ያውቃሉ፤ ቀንንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሰው ማሳየት ይችላሉ። የማያውቁት የአነጋገሩን ነገር ነው። ባለቤቷ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ሲሉ በፌርፋክስ ያለ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ይረዳቸዋል፤ እዚያው ያደገው ፕሮግራመር ግን 2 የሚለውን ሰምቶ ከቀኑ 8 ሰዓት የሆነውን የአሜሪካኑን ሁለት ሰዓት ሊጽፍ ይችላል። ስድስት ሰዓት ቀድሞ የሚዘጋ ማዘዣ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ ሰዓቱን በሁለቱም አነጋገር፣ ከተማውን ጠርቶ በጽሑፍ ማስፈር ከማንኛውም ቤተ መጻሕፍት የበለጠ ይጠቅማል።

እነዚህን ሁሉ ለመፈተን 30 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። አንጉላር ጄኤስ ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል የውሸት $ታይምአውት ነበረው፤ አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው የተያዙትን ቀጠሮዎች ሁሉ ሳይጠብቅ ያስኬዳል። ዛሬ የሪአክትና የሌሎቹም መፈተኛዎች የአሳሹን ሰዓት በውሸት ሰዓት ተክተው በአንድ ቅጽበት ወርና ዓመት መዝለል ይችላሉ። ለፌርፋክሱ ገጽ የሚገባው ፈተና ግልጽ ነው። የውሸቱ ሰዓት መጀመሪያ መዝጊያው 60 ቀን ሲቀረው ላይ ይቆም፤ ቀጥሎ 30 ቀን ሲቀረው፤ ቀጥሎ ከማርች ሁለተኛ እሑድ በፊትና በኋላ። በመጨረሻም ሰዓቱ እ.ኤ.አ. ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ይዙር። ያ ቀን ብዙ ገጾች «እንቁጣጣሽ» ብለው በኮዳቸው ያሰፈሩት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ጳጉሜን 6 ነው፤ የ2020 ዓ.ም. መስከረም 1 የሚውለው በማግስቱ ነው።